በአራት መቶ ሐኪሞች ፊት

በጉባኤ አዳራሹ የምንሠራ ሰዎች «ቱንቢ» ነበር የምንለው። አናጺ ነው። ግድግዳ ሲያቆም ውሃ ልክ ብቻ አይበቃውም፤ ቱንቢውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ክሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም ቀለም አይነካም። ያውም ሦስት ቀን ቆሞ ለሚፈርስ የኤግዚቢሽን ግድግዳ! «አርብ ለሚፈርስ ነገር ምን ያደክምሃል?» ስንለው፣ «እስከ አርብ ጠማማ ሆኖ ማን ያየዋል?» ብሎ አፋችንን ያስይዘናል።

እኔ የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ያቆመውን ኮምፔንሳቶ እኔ እበሳለሁ፣ እሱ ይሳደባል፣ እኔ እናደዳለሁ። ቶሎ ስለምጋል «ፊውዝ» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን ነው የኖርነው።

ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ትከሻው የበር ያህል ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። አንድ ሙሉ በር ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እያፏጨ ነው። ሐኪም ቤት የሚያውቀው የልጆቹ እናት ስትወልድ ብቻ ነው፤ ያኔም በር ላይ ቆሞ ስለ በሩ ማጠፊያ ጥበቃውን ሲጨቀጭቅ ነበር አሉ።

ያን ዓመት የልብና የስትሮክ ሐኪሞች ትልቅ ጉባኤ አዳራሻችን ውስጥ ተደረገ። ብዙ ጉባኤ አይተናል፤ የጫማ፣ የትራክተር፣ የምንጣፍ። እንዲህ ያለ ግን አላየንም። ሰባት ሺህ ሰው ይመጣል ተብለን ዘጠኝ ሺህ መጣ። አንገታቸው ላይ ስማቸውን ያንጠለጠሉ ሐኪሞች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሮጣሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሁለት ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ንግግር አለ። ታች ባለው ሰፊ አዳራሽ ደግሞ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ተደርድሯል፤ ሰው ገብቶ የሚዞርበት የፕላስቲክ ልብ፣ የረጋ ደም ከአንጎል ሥር ጎትቶ የሚያወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ፣ የደም ግፊት መለኪያ በዓይነት በዓይነቱ። እኔና ቱንቢን ያሳቀን ግን ሌላ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ስኳር ጉዳት ተሰብስበው ከሰሙ በኋላ ወጥተው ክሬም ኬኩን ሙልጭ አድርገው ይበሉታል። በጓሮ በር በኩል ደግሞ ሦስቱ ግድግዳ ተደግፈው ሲጋራ ያጨሳሉ።

«አየህ ፊውዝ፣» አለኝ ቱንቢ፣ «እነዚህ ሰዎች እንደኛው ናቸው። ልዩነታቸው በምን እንደሚሞቱ ማወቃቸው ነው።»

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው ነገሩ የሆነው።

አንድ የአልትራሳውንድ ማሽን የሚሸጥ ድርጅት ታች አዳራሹ ውስጥ መድረክ አሠርቷል። መድረኩን የሠራው ቱንቢ፣ መብራቱንና ስክሪኑን የዘረጋሁት እኔ። መድረኩ ላይ አንድ አልጋ፣ አንድ ማሽን፣ ከኋላ ደግሞ የቤት ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አለ። ጤነኛ ሰው አልጋው ላይ ይተኛል፣ አንዲት ታዋቂ የልብ ሐኪም ደረቱን በማሽኑ እያዩ ያስተምራሉ፣ ሕዝቡ በስክሪኑ ይከታተላል። ጤነኛው ሰው ተቀጥሯል፤ የሩጫ ስፖርተኛ ነው። ሰዓቱ ደረሰ፣ ወንበሮቹ ሞሉ፣ የቆመው ሰው ከተቀመጠው በለጠ፤ ሯጩ የለም። ስልኩ አይነሳም።

የድርጅቱ አስተናጋጅ ወጣት ናት፤ ላብ አጠመቃት። ዞር ስትል ቱንቢ ጎንበስ ብሎ የመድረኩን የላላ ደረጃ በካቻቢቴ ሲያጠብቅ አየችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት?»

«እኔ?» አለ ቱንቢ ቀና ብሎ። «እኔማ ብታመም በሽታው ራሱ ያፍራል።»

«ሃያ ደቂቃ ብቻ ተኝተው ይውጡልኝ። እባክዎ።»

ወደ እኔ አየ። እኔ ሳቅኩ። «ሂድ፣ ተኛ! እየተኙ የሚሠራ ሥራ ከየት ይገኛል?» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ይህንን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ።

ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተጋደመ። ዶክተሯ መጡ፤ ሽበታቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው እንደ አስተማሪ የሚሰማ ሴት። እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። ደረቱ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ሲያደርጉበት «ዋይ! ዶክተር፣ በረዶ ነው እንዴ?» ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። ማይክሮፎኑ ይዞት ነበር፤ አራት መቶ ሰው ሳቀ።

«እንግዲህ፣» አሉ ዶክተሯ መሣሪያውን ደረቱ ላይ እያሳረፉ፣ «አሁን የምናየው ጤናማ ልብ እንዴት እንደሚ…»

ቆመ። ድምፁ ቆመ።

እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ማይክሮፎኑ ተበላሸ የሚል ነው። የሠራሁት ሥራ ጉድ ሠራኝ ብዬ ጎንበስ ብዬ ሶኬቶቹን ነካካሁ። ሁሉም ደህና ነው። ሰዉ ግን ጸጥ ብሏል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ወንበር እንኳ ሳያንቋቋ። ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

ልብ ምን እንደሚመስል የማውቀው ነገር የለም። ግን ጥቁርና ነጭ በሆነው ምስል መሐል አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። የእንቁላል ያህል፣ የተንጠለጠለ፣ ልቡ በመታ ቁጥር በአንዲት ጠባብ በር ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ይወርዳል፣ ይወጣል። ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እዚያ መኖር የሌለበት ነገር እንደሆነ ማንም ያየዋል።

ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሽማግሌ ሐኪም እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ስክሪኑን አጥፉልኝ!» አሉ ዶክተሯ። «አሁኑኑ!»

ማጥፊያውን ፈልጌ አጣሁት። ትቼው ገመዱን ከግድግዳው መንጥቄ ነቀልኩት።

ቱንቢ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ስለተኛ ምንም አላየም። «ምነው?» አለ። «አበላሸሁባችሁ እንዴ?»

እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ጥያቄው ነው።

መጋረጃ ጎትተው ከለሉት። ሦስት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማንም ሳይጠራቸው ወንበር እየዘለሉ መጡ። ዶክተሯ ወንበር ስበው ፊቱ ተቀመጡና እጁን ያዙት።

«መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይህንን ከሰው ሁሉ ቀድመው ማወቅ የነበረብዎት እርስዎ ነዎት። ልብዎ ውስጥ ዕጢ አለ።»

«እኔ… ዶክተር፣ እኔ ደረጃ ልሠራ ነው የመጣሁት፣» አለ ቱንቢ።

«አውቃለሁ።»

«ምንም አያመኝም እኮ።»

«ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዕቃ ከእጅዎ አምልጦ ወድቆ ያውቃል? ንግግር ጠፍቶብዎት ያውቃል?»

ቱንቢ ወደ እኔ አየ። የመለስኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት መሰላል ላይ ቆሞ «ሚስማር አቀብለኝ» ሊለኝ ፈልጎ «ማንኪያ አቀብለኝ» አለኝ። ደግሞ ሊል ሲሞክር ምላሱ ተሳሰረ። አፉ ወደ አንድ ወገን ሸፈፍ አለ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመለሰለትና ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን። ሳምንቱን ሙሉ «ማንኪያ» ስለው ከረምኩ።

ዶክተሯ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። «ያ ትንሽ ስትሮክ ነበር። ከዕጢው ቅንጣት ተቆርሳ ወደ አንጎል ሄዳ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ላትሆን ትችላለች። ወይም ዕጢው ያችን በር ይዘጋታል፤ ያኔ ሰው ቆሞ ሳለ ነው የሚወድቀው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይገባሉ።»

በተሽከርካሪ አልጋ ስንገፋው አንድ ቀጭን ወጣት እየሮጠ መጣና አስተናጋጇ ፊት ቆመ። «ይቅርታ፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶብኝ ነው፣» አለ እያለከለከ። «ደረስኩ ወይስ አለፈኝ?» ሯጩ ነበር። አሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ቱንቢ ደረጃውን አጠባብቆ፣ እያፏጨ፣ በር ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

ባለቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ቤት ደወልኩላት። ክር ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «ጠዋት ደህና ሸኝቼህ! ጠዋት ደህና ሸኝቼህ!» ሌላ ቃል አልወጣትም። ያንኑ ትደጋግማለች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ጉባኤያቸውን ትተው ሆስፒታል ድረስ መጡ። በመጡ ጊዜ ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ከንፈሩ ላይ የበተኑት የሚመስሉ ትናንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት፤ እኛ «በርበሬ የነሰነሱበት» እያልን እንቀልድበት ነበር።

«ይህ ነጠብጣብ በቤተሰብዎ ሌላ ሰው ላይ አለ?»

«አባቴ ነበረው። ታላቅ ወንድሜም ነበረው።»

«ነበረው?»

«ሞተ። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጢሙን እየተላጨ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ። በሠላሳ አምስት ዓመቱ።»

ዶክተሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንዲህ ያለው ዕጢ አልፎ አልፎ በዘር ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ነጠብጣቡም አብሮ ይታያል። ያልተመረመረ ሰው በምን እንደሞተ እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም። ግን ሊሆን ይችላል። ልጆችዎ በሙሉ ይታዩ። የወንድምዎም ልጆች ካሉ በፍጥነት ይታዩ።»

ቱንቢ ስለ ዕጢው ሲነገረው አልገረጣም ነበር። አሁን ግን ፊቱ አመድ ሆነ። ዶክተሯ ሲወጡ ሚስቱን ውሃ እንድታመጣለት ላካትና እጄን ያዘ።

«ፊውዝ፣ እኔ ሰው ገድያለሁ።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«የወንድሜን ሚስት።»

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድም ቀን ያላነሳው ነገር። ወንድሙ የሞተ ዕለት ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልተው ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። በቀብሩ ላይ ቱንቢ ሰው በተሰበሰበበት ጣቱን ቀስሮ «አናደሽ የገደልሽው አንቺ ነሽ! ልቡን ያቆምሽው አንቺ ነሽ!» አላት። የሦስት ዓመት ልጅ ታቅፋ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘመድ በሩን የከፈተላት የለም። ልጁንም ዘር አልጠየቀውም።

«ነገ ደረቴን ይከፍቱታል፣» አለ። «ልነሳም ላልነሳም እችላለሁ። ዛሬ ሄደህ ንገራት። ልጁን ታሳየው። እሱ ላይ ነጠብጣቡ አለ፤ ሕፃን ሆኖ አይቼዋለሁ።»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«እውነቱን። ሌላውን እኔ እነግራታለሁ፣ ከተረፍኩ።»

የሆቴል አንሶላ የሚያጥብና የሚተኩስ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋት። እንፋሎት በሞላበት ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆማ ካውያ ትገፋለች፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ክንዷ ጅማት ብቻ።

«ማን ልበል?» አለች ቀና ሳትል።

የማን ጓደኛ እንደሆንኩ ስነግራት ካውያው አልቆመም። ዕጢውን ነገርኳት። ነጠብጣቡን ነገርኳት። ዶክተሯ ስለ ባሏ ያሉትን፣ «ሊሆን ይችላል» ያሉትን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ያኔ እጇ ቆመ። ካውያው አንሶላው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የማረር ሽታ መጣ፣ ጭስ ወጣ። አጠገቧ ያለችው ሴት «አንቺ! እያረረ ነው!» ብላ ጮኸች። እሷ አልሰማችም። እኔ ነኝ ካውያውን ያነሳሁት። ነጩ አንሶላ ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ታትሞ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔም እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።»

«ሌላውን ከተረፈ እሱ ራሱ እነግራታለሁ ብሏል፣» አልኳት።

«ሌላውን እሱ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ፣» አለች ሽርጧን እየፈታች። «አሁን ልጄ የት እንዳለ ልፈልግ። ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ መኪና ሥር ነው የሚውለው።» ለአለቃዋ አንድ ቃል ሳትናገር እየሮጠች ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ቱንቢን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። እኔና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠን ሳለ ሟቹ ወንድሙ ራሱ በኮሪደሩ እየተራመደ የመጣ መሰለኝ፤ ፎቶውን አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ነው፣ እጁ ላይ የሞተር ዘይት አለ፣ ከንፈሩ ላይ ነጠብጣቡ። እናቱ ከኋላው። የቱንቢ ሚስት ከአግዳሚው ተነሳች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀብር ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ሰላምታ አልተሰጣጡም። የቱንቢ ሚስት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች፤ ሌላይቱ ተቀመጠች። መሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር።

ልጁን ዶክተሯ ራሳቸው አዩት። ዘግይተው ወጡ። ቶሎ ቢወጡ ምንም የለም እንደሚሉን ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር።

«እሱም ላይ አለ፣» አሉ። «ትንሽ ናት፣ የለውዝ ያህል። በጊዜ ነው የደረስንበት።»

እናትየው አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ወለሉን እያየች «የለውዝ ያህል» አለች፤ ደግማ «የለውዝ ያህል» አለች። የቱንቢ ሚስት በመሐላቸው ያለውን ክፍት ቦታ አልፋ ክንዷን ያዘቻት። አልከለከለቻትም፤ ዞራም አላየቻትም። ልጁ ግን ነገሩ ያልገባው ይመስል «አሁን ወደ ሥራ መመለስ አልችልም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የቱንቢ ቀዶ ጥገና አምስት ሰዓት ፈጀ። ልቡን አቁመው፣ ደሙን በማሽን እያዞሩ፣ ያንን ነገር ከነሥሩ ቆርጠው አወጡት። ካንሰር አይደለም ተባለ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ወንድሙ ልጅ ነው። ስነግረው ትራሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ለረጅም ጊዜ ጣራውን አየ። ደረቱ የተከፈተ ሰው ሲያስለው እንኳ ትራስ ማቀፍ አለበት፤ ልቅሶ የባሰ ያማል። ቢሆንም አለቀሰ።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ተራው ደርሶ ቀዶ ጥገና ገባ። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ሌሎች የበሽተኛ ቤተሰቦችም ነበሩ፣ ነርሶችም። ቱንቢ ከክፍሉ ወጣ። ያ በር ተሸካሚ ሰውዬ ትራሱን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ሃያ እርምጃ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ቆመ። ፊቷ ደረሰ።

«በሰው ፊት ነው የተናገርኩት፣» አለ። «በሰው ፊት ልመልሰው ነው የመጣሁት። አንቺ አልገደልሽውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አየችው። «ሐኪሟ እንኳ ያን ሁሉ ተምረው፣ ያን ሁሉ ማሽን ይዘው፣ በምን እንደሞተ እርግጠኛ አይደለሁም አሉ። አንተ አናጺ ሆነህ እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

አንገቱን ደፋ።

«እዚህ ያለው ሰው አያውቀኝም፣» አለች። «እዚህ ብትናገረው ምን ይሠራልኛል? ያኔ የሰሙት ይስሙት።»

ሰሙት። ደረቱ ገና ሳይሽር፣ በሁለተኛው ወር፣ በእኔ መኪና የዘመድ ቤት በየተራ አዞርኩት። ሰባት ቤት ነው። በየቤቱ ገብቶ፣ ተቀመጥ ሲሉት ሳይቀመጥ፣ ቆሞ ያንኑ ቃል ይናገራል። አንዳንዱ ደነገጠ። አንዳንዱ «የሞተ ነገር ምን ያስነሳል?» አለ። አንዲት አክስቱ፣ እሷም ያኔ አብራ ስትራገም የነበረች፣ ሰምታ ሰምታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና እስክንወጣ አልገለጠችም። መኪናው ውስጥ ተመልሰን ስንገባ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ቀሪ ስንት ቤት ነው?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ «ንዳ» ይላል።

የራሱ ልጆች ታይተው ነፃ ሆኑ። እሱና የወንድሙ ልጅ በየዓመቱ አንድ ቀን አብረው ሄደው ይታያሉ፤ ዕጢው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል። ልጁ ወደ ጋራዡ ተመልሷል። ቱንቢም በስድስተኛው ወር ወደ አዳራሹ ተመለሰ፤ ከባድ ነገር አይሸከምም፣ ቆሞ ያዛል፣ ይሳደባል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሥራ መሐል እጁ ይቆምና ደረቱን ይዞ ያዳምጣል። «ምን ሆንክ?» ስለው፣ «ምንም። አለ ወይ ብዬ ነው፣» ይላል።

የወንድሙ ሚስት አሁን ከልጇ ጋር ቱንቢ ቤት ትመጣለች። ከሚስቱ ጋር ሻይ ትጠጣለች፣ ሲሥቁም ሰምቻለሁ። እሱን ግን ወንድሜ ብላው አታውቅም። በር ላይ ስትደርስ «ሰውየው አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እሱም ከውስጥ «አለሁ» ይልና ወንበር ሊያመጣላት ይነሳል።